ሦስት ሆነን ያንኳኳንበት ጧት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2። ከቀኑ 10፡15

ዛሬም ማንም አልመጣም። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተገትረን ዋልን፤ እኔና ወ/ሮ ሸምስያ። ካለፈው ሳምንት የሚለየው፣ ዛሬ ሦስት ሰው ቆሞ ማን እንደ ሞተ ጠየቀን።

ጥፋቱ የአግዳሚው ነው። ጤና ጣቢያው ሥልጠና ሰጠ፣ ምስክር ወረቀት ሰጠ፣ መቀመጫ ግን አልሰጠም። የእድራችን ዳኛ አቶ ገረመው ከእድሩ ዕቃ ቤት አንድ አግዳሚ አውጥተው ባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ካለው ግንብ ሥር አኖሩልን። በዚህ ሠፈር የእድር አግዳሚ ደጅ የሚወጣው ለለቅሶ ነው። ስለዚህ ሰው ጭንቀቱን ሊነግረን ሳይሆን ሊያጽናናን ይመጣል። አንዲት ሴትማ አጠገባችን ተቀመጠች፣ ጥቂት ተከዘች፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብላን ሄደች። ሸምስያ አሜን አለች። ምን ትበል።

አንተ አዲስ ደብተር ስለሆንክ ባጭሩ ልንገርህ። ሠላሳ አንድ ዓመት ማተሚያ ቤት አራሚ ነበርኩ። የሰው ስሕተት ስፈልግ ዓይኔ ፈዘዘ፣ ጡረታ ወጣሁ። ጤና ጣቢያው ከየእድሩ ሁለት ሁለት ሰው ላኩልኝ ሲል፣ እኔን «የተማረ» ብለው ላኩኝ። ሸምስያን የላኳት ጠመንጃ ያዥ ሠፈር በርበሬና ሽሮ ስለምትሸጥና የሠፈሩን ምስጢር ሁሉ ስለምታውቅ ነው። አምስት ቀን ሠለጠንን። ሥራው ይኼ ነው፦ ልቡ የከበደው ሰው ይመጣል፣ እናዳምጣለን። ነጭ ጋውን የለም፣ ክኒን የለም። ከአቅማችን በላይ ከሆነ ለሲ/ር ሕይወት እናስተላልፋለን፤ የጤና ጣቢያዋ ነርስ፣ አሠልጣኛችን ናት፤ ልጄ ብትሆን ትንሿ ነበረች።

ሁለት ነገር ክልክል ነው። ምክር መስጠት፤ «አይዞሽ» ማለት። አይዞሽ የተባለ ሰው አፉን ይዘጋል ትላለች ሲ/ር ሕይወት። እውነቷን ነው። ግን ከኛ ላይ ምክርና አይዞሽ ሲነሣ የሚቀረው ምንድን ነው? ጆሮ ብቻ። ሸምስያ በልምምዱ ቀን ምላሷን ስትነክስ ዋለች።

አንተ ሳትሠለጥን ነው የቻልክበት። ቀናሁብህ።

ዓርብ፣ ኅዳር 5። 10፡40

ሰው መጣ! የመጀመሪያዋ።

ስሟን አልጽፍም፤ ተከልክለናል። «ባለ ስፌቷ» ልበላት። ሃምሳ ቢሆናት ነው። ከኛ በታች ባለው መንደር ደጇ ላይ ስፌት መኪና ዘርግታ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ሥራ ልታደርስ ስታልፍ እግሬን አመመኝ ብላ ተቀመጠች። እግሯን አላመማትም።

በሥልጠናው የተሰጠንን ዘጠኝ ጥያቄ ከወረቀቱ ጠየቅኋት። እንቅልፍ? የለም። ምግብ? ስታስታውሰው። ደስ የሚላት ነገር? ጥያቄውን ድገሙልኝ አለች። ስትመልስ እንደ ፍርድ ቤት ምስክር ነው፤ አጭር፣ ቀጥ ያለ። ዘጠነኛው ስለ ሞት ነው። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጠየቅሁ። መሞት አልችልም አለች። እሱ ቢመጣ ማን በር ይከፍትለታል?

እሱ ማለት ልጇ ቢኒያም ነው። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ሳይነግራት በመተማ ወጣ። ከሊቢያ ሁለቴ ደወለ። ሁለተኛው ላይ ባሕሩ ይታየኛል አላት። ይኼው ሃያ ወር። ደላላው ስልኩን ዘግቷል። አብረውት ከወጡት የአንዱ ቤተሰብ ለቅሶ ተቀምጧል፤ የሌላው ልጅ ጀርመን ገብቷል ይባላል። ለሷ የደረሳት የለም፤ በዚያም በዚህም።

በሃያ ወር አንድ ቀን እንኳ አላለቀሰችም። እንባ ሲመጣባት መኪናውን ትረግጣለች፣ ድምፁ ይመልሰዋል።

«ካለቀስኩ ሞቷል ማለት ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። «በሕያው ልጄ ላይ አላሟርትም።»

ዝም አልኩ። እንደ ሥልጠናው። ከውጭ ሲያዩት የማዳመጥ ዝምታና የሚለው የጠፋው ሰው ዝምታ አንድ ነው፤ የኔ ሁለተኛው ነበር።

ድምር 19። ከ27። ት/ቤት ቢሆን ታልፋለች። እዚህ ብዙ ያመጣ ነው የሚወድቅ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9። ከቀኑ 11 ሰዓት

ተመልሳ መጣች። ስለ ኮት አወራችን። ለልጇ ኮት እየሰፋች ነው። ስትጀምረው በሄደበት ልክ ነበር። እስካሁን ትከሻውን ሁለት ጊዜ ፈትታ አስፍታዋለች። ወንድ ልጅ እስከ ሃያ አንድ ያድጋል አለች። የኔንም ትከሻ በዓይኗ ስትለካ ያዝኳት።

የዛሬው ተግባር ከመመሪያው ሦስተኛው ገጽ ነው፦ ችግሮችሽን ዘርዝሪ፤ መፍትሔ ያለውን ምረጪ፤ ከሱ ጀምሪ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋት። አንድ መሥመር ጻፈች። ቀጥዪ አልኳት። አለቀ አለች። «ቢኒ የት እንዳለ አላውቅም» ይላል።

መመሪያውን ገለጥኩ። ዝርዝሩ አንድ ብቻ ሲሆንና እሱም መፍትሔ ሲያጣ ምን እንደሚደረግ የሚል ገጽ የለም። አራተኛው ገጽ ስለ እንቅልፍ ነው፤ ማታ ማታ ሻይ አትጠጪ ይላል። አነበብኩላት። በጨዋነት አመሰገነችኝ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር።

ሸምስያ አልቻለችም። የእህቷ ልጅ ሳውዲ ሁለት ዓመት ጠፍታ እንደ ተገኘች ነገረቻት፤ ከዚያ እንዳትጨነቅ መከረቻት፤ ከዚያ ግማሽ ኪሎ ሽሮ አሸከመቻት። በአንድ ደቂቃ የሥልጠናውን አምስት ቀን አፈረሰችው። ባለ ስፌቷ ሄዳ ሳትጨርስ ወደኔ ዞራ፣ «ምን ላድርግ ጋሼ፣ ጆሮ ብቻ ሆኜ አልተፈጠርኩም» አለች።

ዓርብ፣ ኅዳር 12።

ሚካኤል። ሠፈሩ ሁሉ ቆሻሻውን ሰብስቦ እያጨሰ ነው፤ በሽታ ይውጣ ብሎ። የኛም ሥራ ያው ነው፣ ጭሱ ነው የሌለው። ባለ ስፌቷ አልመጣችም። በዓል ነው፣ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 16። 10፡30

ዛሬም ቀረች። ሰኞ ዕለት መኪናዋን ደጅ እንዳላወጣች ሸምስያ ከደንበኛ ሰምታለች። ዘጠነኛው ጥያቄ። መሞት አልችልም ነው ያለችው፤ አልፈልግም አላለችም።

መመሪያው ግልጽ ነው (ሲፈልግ)። ሁለት ጊዜ የቀረ ሰው ቤቱ ድረስ ይጠየቃል። ብቻ መሄድ ክልክል ነው፤ ሁለት ሆኖ። ለሲ/ር ሕይወት ደወልኩ፤ ዛሬ ነገ ሳትሉ ሂዱ አለች። ሸምስያ ሱቋን 1 ሰዓት ስለምትከፍት ከዚያ በፊት መሆን አለበት። ቤቷን በወሬ እንጂ አናውቀውም፤ አቶ ገረመው መርተው ያደርሱናል። ነገ ጧት 12 ሰዓት። ሁሉም እንደ ደንቡ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 17። ከቀኑ 7 ሰዓት

በተርታ ልጻፈው።

ገና ድንግዝግዝ ሳለ ተገናኘን። የኅዳር ብርድ። ጋቢዬን ደርቤያለሁ። ሸምስያ ጥቁር ቀሚስ፣ ጥቁር ሻሽ፤ የዘወትር ልብሷ ነው። አቶ ገረመው ባርኔጣና ከዘራ። መንገድ ላይ አላወራንም፤ ሦስታችንም የምንለውን እያሰብን ነበር። ደረስን። አንኳኳን።

አንተ ወረቀት የሆንከው እንኳ አሁን ገብቶሃል። የእድር ዳኛ፣ ባለ ጋቢ ሽማግሌ፣ ጥቁር የለበሰች ሴት፤ በማለዳ፣ ሳይነገር፣ በር ላይ። እናቴ የወንድሟን መርዶ የሰማችው እንዲሁ ነው። እኔ ራሴ ስንት ደጅ እንዲህ ሆኜ ቆሜያለሁ። የሦስታችን ዕድሜ ቢደመር ወደ ሁለት መቶ ይጠጋል፤ ለአንዳችንም አልታየን። በመመሪያው ልክ እየሄድን ነበር።

በሩን ከፈተች። አቶ ገረመውን አየች። ጋቢዬን አየች። ምንም አልጠየቀችም።

«ቢኒዬ» አለች። ድምጿ ከፍ አላለም። ከዚያ ደፉ ላይ ወደቀች፤ የሃያ ወሩ ለቅሶ ወጣ።

ማንም አልሞተም፣ ልንጠይቅሽ ነው የመጣነው አልኳት። ይኼ አባሰው። መርዶ ሲነገር መጀመሪያ የሚባለው ይኼው ነዋ። ምንም የለም፣ ትንሽ አሞት ነው፣ ዝም ብለን ልንጠይቅሽ ነው። በካድን ቁጥር አረጋገጥንላት። አቶ ገረመው ማሉላት፤ ለመርዶም ይማላል። ሸምስያ አይዞሽ አለቻት። እኔም አልኩ። ደጋግሜ አልኩ።

ጎረቤት ነጠላውን አዘቅዝቆ ወጣ። በዐሥር ደቂቃ ግቢው ሞላ። አቶ ገረመው፣ ሰውዬው ምን ያድርጉ፣ አርባ ዓመት የለመዱትን፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለአንዱ ሰጡና ለድንኳን ሰደዱት። ከዚያ እኔን አይተው፣ ምን ነካኝ አሉ። የተላከው ግን ሄዷል።

ነገሩን ያቆመችው ሴት ልጇ ሄለን ናት። ሃያ አራት ዓመቷ፤ ሜክሲኮ አደባባይ አንድ ካፌ ትሠራለች። የጥርስ ቡርሽ ይዛ ከጓዳ ወጣች። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ ማን ደወለ፣ ከየት ሀገር፣ መቼ ብላ የጠየቀች እሷ ብቻ ነች። ሸምስያን ሻሿን ጨምድዳ አስማለቻት። ሸምስያ ወላሂ አለች፣ እያለቀሰች፣ ማንም አልደወለም። ሁሉም ወደኛ ዞረ።

«ወንድሜን በእግራችሁ መጥታችሁ ገደላችሁት» አለች ሄለን።

ጋቢዬን ከትከሻዬ አውርጄ አጠፍኩት።

ሰው ግን አልሄደም። ለቅሶ ብሎ የገባ እንዴት ብሎ ይወጣል? ሻይ ፈላ። ስለ ብርዱ ተወራ። የድንኳኑ ቋሚዎች መጡ፣ ተመለሱ። ባለ ስፌቷን አልጋ ላይ አስተኟት፣ ግድግዳውን ፊት ሰጥታ ስትንሰቀሰቅ ቆየችና ዝም አለች። ስንወጣ ታንኮራፋ ነበር።

ሐሙስ፣ ኅዳር 18።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። ሲ/ር ሕይወት ወንበር ሰጠችኝ፣ ከዚያስ አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያስ አለች። ስለ እናቴ ሁሉ ነገርኳት። ቤት ስደርስ ነው በመመሪያው ያዳመጠችኝ መሆኑ የገባኝ። ለካ ይሠራል። በጣም ያናድዳል።

በሠፈሩ ስም ወጥቶልናል። ሟርተኞቹ።

ዓርብ፣ ኅዳር 19። 10፡50

መጣች። አላመንኩም። ፊቷ ታጥቧል፣ ጸጉሯ ተሠርቷል። ረቡዕን ሙሉ ቀን ሙሉ ሌሊት ተኛሁ አለች። ሐሙስ ቁርስ በላሁ አለች። ዘጠኙን ጥያቄ ጠየቅኋት። ድምር 8።

አስበው። እኔ ለሁለት ቀን በትዕግሥት አዳምጬ፣ አስዘርዝሬ፣ ስለ ሻይ አንብቤ ያላነቃነቅሁትን፣ በድንቁርና አንኳኩቼ ዐሥራ አንድ ነጥብ ጣልኩት። ቅጹ ላይ «ለውጡን ያመጣው ዘዴ» የሚል ሳጥን አለ። ሸምስያ ለቅሶ ብለህ ጻፍ አለችኝ። ባዶ ተውኩት።

ሲ/ር ሕይወት በስልክ ስነግራት ደስ አላት። እንዴት እንደ ሆነ አስታወሰችና ደስታዋን ተወችው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23። ከቀኑ 11፡30

መጣች፤ ግን ሸምስያ ራቅ እስክትል ጠበቀች። እንቅልፉ ሄዷል። ሦስት ሌሊት ሆነ። እንባው ተመልሶ እደረቷ ላይ ቆሟል፤ በእጇ ቦታውን አሳየችኝ። መኪናውን ብትረግጥም አልተመለሰም፤ አልወጣምም።

ከዚያ ጠየቀችኝ።

«አንድ ጊዜ እንደገና ኑልኝ።»

መቼ? አልኳት። ቀን ቀን ብንመጣ አልኳት፣ እንደ እንግዳ።

«አይ። እንደዚያ ቀን። በማለዳ አንኳኩ። ምንም አትበሉኝ።»

አለመሞቱን ታውቃለች። ማለት፣ አለማወቃችንን ታውቃለች። ብቻዬን ካለቀስኩ አሟረትኩበት ትላለች፤ ሰው መጥቶ ካስለቀሰኝ ግን ጥፋቱ የኔ አይደለም። ቢኒም ሲመጣ ይቅር ይለኛል አለች። አስቤው አላውቅም፣ ይኼን ያህል የጠራ ሒሳብ።

ሠላሳ አንድ ዓመት ስሕተት ሳርም ኖርኩ፤ አሁን አንዱን ስሕተት አንድም ነገር ሳልለውጥ ድገምልኝ ተባልኩ።

አልችልም አልኳት። በውሸት መርዶ ይዤ ደጅ አልቆምም። ገባኝ አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ እንዲያውም ልታጽናናኝ ሞከረች። አይዞዎት ጋሼ አለችኝ። ሄደች።

ዓርብ፣ ኅዳር 26። ከቀኑ 10፡20

አልመጣችም። ሄለን መጣች።

ከአግዳሚው አልተቀመጠችም። ቆማ ተናገረች፣ ዓይኗ ከባቡሩ ሐዲድ ላይ ነው። እናቷ መብላት ትታለች። ማታ ማታ ያንን ኮት ትፈታለች፣ መልሳ ትሰፋለች፤ ጨርቁ እየሳሳ ነው። ትናንት መርፌው ጣቷን ወግቷት ደሟን ሳታየው መስፋቷን ቀጠለች። ሆስፒታል እንሂድ ስትላት፣ ቤት ጥዬ አልሄድም ትላለች።

እኔም ሆስፒታሉን አነሣሁ። ሲ/ር ሕይወት ከዚያ ረቡዕ ወዲህ ለእናቷ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ እንዳስያዘች ነገርኳት። ሁለቱንም ቀርታለች። ሄለን ይኼንንም ታውቃለች።

ከዚያ ወንድሟ በሕይወት እንዳለ እንደምታምን ነገረችኝ። ማታ ማታ በስልኳ ፎቶ ታገላብጣለች፤ ካምፕ፣ ጀልባ፣ የማታውቃቸው ሰዎች ፊት። አንድ ቀን አየዋለሁ አለች። እናቷ ስታለቅስ መስማት ለሷ ወንድሟን በገዛ እጇ እንደ መቅበር ነው። ለዚህ ነበር ያን ቀን የጮኸችብን። ያለችኝን እንዳለች ልጻፍ፦

«ማልቀስን ያስተማራችኋት እናንተ ናችሁ። እንግዲህ ኑና አስለቅሷት። እኔ ማክሰኞ ማልጄ እወጣለሁ፣ አልሰማም።»

ለምን እንደ ሆነ እንጃ፣ ይቅርታ ጠየቅኋት። ወደ ታክሲው ሄደች።

እሑድ፣ ኅዳር 28።

ሰው ማማከር ለኔ አልተከለከለም። ዞርኩ።

አቶ ገረመው፦ አይሆንም። መርዶ ጨዋታ አይደለም፤ እድሩ ለሕያው ሰው አይንቀሳቀስም። አንድ ጊዜ በስሕተት ሄድኩ፣ ለንስሐ አባቴ ተናግሬአለሁ፤ ሁለተኛ ግን ዐውቄ አልሄድም። ልክ ናቸው።

ሲ/ር ሕይወት፦ ረጅም ዝምታ። የማዳመጥ አልነበረም፤ የኔ ዓይነቱ ነው። አላውቅም ጋሼ አለችኝ በመጨረሻ። ውሸት እንዳትነግሯት። እሷም ራሷ ቀን ላይ ባለ ስፌቷ ቤት ድረስ ሄዳ ታያታለች፣ የሆስፒታሉን ነገር አትተውም። እስከዚያው ግን፣ አለችና አልጨረሰችውም። ልክ ናት።

ሸምስያ፦ ሽሮ እየመዘነች ሰማችኝ። ስንት ሰዓት እንገናኝ? አለች። በቃ።

ሦስቱም ልክ ሊሆኑ አይችሉም። ወይም ይችላሉ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30። ንጋት 11፡20

አልተኛሁም። ጋቢዬን ለብሼ ተቀምጫለሁ።

እንሄዳለን። ወስኛለሁ። ሁለት ሆነን፣ ያለ እድር ዳኛ። አንዋሽም። ሞቷል ወይ ካለች አናውቅም እንላለን፤ አለ ወይ ካለች አናውቅም እንላለን። ከዚህ በላይ የምናውቀው የለም። እናንኳኳለን፣ ትከፍታለች፣ የሚሆነው ይሆናል። ካለቀሰች አብረናት እናለቅሳለን። ሸምስያ ትችላለች። እኔ በለቅሶ ቤት ሁልጊዜ ደጅ ወንበር የምደረድር ሰው ነኝ፤ ሲፈለግ እንባ ይምጣልኝ አይምጣልኝ አላውቅም።

ካላለቀሰችስ? ቁጭ እንላለን። ቢረዝምም።

ደግሞ ከለመደችውስ? በየሳምንቱ ብትለኝስ? ይኼንን ሲ/ር ሕይወትን አልጠየቅኋትም። መልሱን ፈርቼ አይደለም፤ እንደሌላት አውቄ ነው። እኔም የለኝ። ሴትዮዋ የምትፈልገውን፣ የት እንዳለ የሚነግራትን ሰው፣ ይኼ ሠፈር ሊሰጣት አይችልም። የምንሰጣት ማንኳኳት ብቻ ነው።

ሸምስያ ደረሰች። የግቢው በር ተንኳኳ። እሷ መሆኗን ዐውቃለሁ፣ ቀጥሬያታለሁ፣ ሰዓቱም የተባባልነው ነው። ግን ብዕሩ ከእጄ ወደቀ። ለካ በዚህ ሰዓት በር ሲንኳኳ፣ ማን እንደ መጣ ለሚያውቅም መርዶ ነው።